ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ የርካሹ ማዳመጫ ዝና ሲመዘን

ስለ መጽሐፍ ሲጻፍ ሐያሲው የሚመዝነው ይዘቱንና ቋንቋውን ነው፤ ወረቀቱ ነጭ ይሁን ቢጫ እምብዛም አያስጨንቀውም። ስለ ቴአትርም ሲጻፍ ድርሰቱ፣ ዝግጅቱና ትወናው ይነሣል እንጂ ስለ አዳራሹ ወንበር የሚያወራ የለም። በሙዚቃ በኩል ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዛሬ አብዛኛው የከተማ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው አዳራሽ ገብቶ፣ ወይም ቤቱ ባለ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጦ አይደለም። ጆሮው ላይ በተሰካች ትንሽ ዕቃ ነው። አዳራሹም መድረኩም እሷው ናት። ዘፋኙ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ መሲንቆ መቺው የቱንም ያህል ቢያለቅስበት፣ እሷ ያላሳለፈችው ድምፅ ለአድማጩ እንዳልተዘፈነ ይቆጠራል። ስለዚህ ስለ ማዳመጫ መጻፍ ስለ ሸቀጥ ብቻ መጻፍ አይመስለኝም።

በዓለም ላይ ዋጋቸው ትንሽ፣ ዝናቸው ግን የገነነ ጥቂት ማዳመጫዎች አሉ። ከነዚህም መካከል ኮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራቸው ፖርታ ፕሮና ኬ.ኤስ.ሲ. 75 በፊተኛው ረድፍ የሚሰለፉ ናቸው። በሀገራቸው የመጀመሪያው 50 ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 20 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ። አወዳሾቻቸው ግን በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጡትን የሚያሳፍሩ ናቸው ይሏቸዋል። እንዲያውም ከነዚህ በላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ለስም እንጂ ለድምፅ አልከፈለም እስከ ማለት የሚደርሱ አሉ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ውዳሴ ይገባቸዋል? ወይስ ድሀ የገዛውን ዕቃ ሲያመሰግን ራሱን እንደሚያጽናና ያለ ነገር ነው?

የዝናው አመጣጥ

ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ የመጀመሪያውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። ከዚያ በፊት ማዳመጫ የሬዲዮ ኦፕሬተሮችና የስልክ ሠራተኞች መሣሪያ እንጂ የሙዚቃ አፍቃሪ ጌጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤች.ዲ. 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ቀላል ማዳመጫ አወጣ፤ ጆሮን እንደ ድስት ክዳን ገጥሞ የሚያፍን ማዳመጫ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑ ያኔ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ሶኒ ዎክማንን ይዞ ብቅ አለ። በስፖንጅ የተሸፈኑት ቀላል ማዳመጫዎቹ በየመንገዱ ታዩ። ፖርታ ፕሮ የተወለደው በዚህ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። መልኩ እስካሁን እምብዛም አልተለወጠም፤ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ሁለት ክብ ስፖንጆች፣ ከጆሮ በላይ ሰደፉ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ትራሶች። ተጣጥፎ ኪስ ይገባል፤ ክብደቱ መቶ ግራም አይሞላም። ኬ.ኤስ.ሲ. 75 የሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የራስ ዘንግ የለውም፣ እንደ መነጽር ክንድ በጆሮ ላይ ይንጠለጠላል።

እንግዲህ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከ40 ዓመት በላይ መልኩን ሳይለውጥ ሲሸጥ መኖሩ በራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ይሁን እንጂ ዕድሜ ማስረጃ አይደለም። ብዙ ጊዜ የኖረ ሁሉ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ሐያሲ ባላስፈለገም ነበር።

ዋጋና ድምፅ

ውዳሴው ውስጥ ሦስት የተለያዩ አባባሎች ተደባልቀዋል። አንደኛው፣ እነዚህ ማዳመጫዎች ለዋጋቸው እጅግ ጥሩ ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋ ሳይታሰብም ከውዶቹ ጋር እኩል ናቸው ይላል። ሦስተኛው፣ ለማንኛውም ሰውና ለማንኛውም ቦታ ይሆናሉ የሚል ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ መቀበልም ሆነ መጣል ስንፍና ነው። አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ፣ ርካሽ ነገር ጥሩ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም የሚለውን ትዕቢት ከመንገዳችን እናንሣው። ጄሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ፣ በመሸጫ ዋጋቸውና ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በሚያወጡበት ሚዛን መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ሲሰሙት የሚገርም፣ ሲያስቡት ግን የማይገርም ነው። በማዳመጫ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው ክፍል አንድ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና ስስ የፕላስቲክ ገለፈት ነው። እነዚህ በብዛት ሲሠሩ ውድ አይደሉም። ውዱ ነገር ሌላ ነው፤ ቆዳው፣ የተወለወለው ብረት፣ የውጭ ጫጫታ የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክስ፣ ማስታወቂያው፣ የስም ዋጋው። ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ በስንት በስንት ይመጣጠን የሚለው ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የመሐንዲሱን ዕውቀትና ጆሮ ይጠይቃል። ጥሩ ወጥ በብር ድስት ብቻ አይሠራም።

ሁለተኛው ነጥብ የኛው የአድማጮቹ ጉዳይ ነው። አበው ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው በመጨረሻ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ግን አባባሉን ለዚህ ጉዳይ ልዋሰው እፈልጋለሁ። ጆሯችን የኛ ቢሆንም ሁልጊዜ ለኛ አይታዘዝም፤ ዐይን ያየውን፣ ኪስ የከፈለውን፣ ጓደኛ የነገረውን ይሰማል። ውድ ዕቃ የገዛ ሰው ውድ ድምፅ ይሰማል፤ በርካሽ ያገኘም ብልጥነቱን ይሰማል። የሀርማን ኩባንያው ተመራማሪ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ባሳተሟቸው ጥናቶች አድማጮች የዕቃውን ስምና ዋጋ ሳያውቁ እንዲፈርዱ አድርገዋል። እንዲህ ሲሆን የሠለጠነውም ያልሠለጠነውም አብዛኛው ሰው ወደ ተቀራራቢ ሚዛን ያዘነብላል። ማለትም ጥሩ ድምፅ የየሰው ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ስሙንና ዋጋውን ከሸፈንነው ልንስማማበት የምንችልበት ብዙ ነገር አለ።

በገና፣ ቤዝ ጊታርና ቫይብራፎን

እኔም ሁለቱን ማዳመጫዎች፣ ዋጋው የፖርታ ፕሮን ዐሥር እጥፍ ከሚያህል አንድ ጆሮ ሸፋኝ ማዳመጫ ጋር እያፈራረቅሁ ሰማኋቸው። የሦስቱንም ድምፅ በመለኪያ በተቻለ መጠን እኩል አደረግሁ፤ ምክንያቱም ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ጥቂት ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል። የሱቅ ሻጮች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዕቃዎቹን ከራሴ መደበቅ ግን አይቻልም፤ አንዱ ራስ ላይ ይከብዳል፣ አንዱ ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል። አንባቢ ፍርዴን ይህን እያሰበ ይውሰደው።

የጀመርሁት በበገና ነው። በገና ለማዳመጫ ከባድ ፈተና ነው። ዐሥሩ የጅማት አውታሮች ዝቅ ያለ፣ ጥልቅ ድምፅ ያወጣሉ፤ በአውታሩና በማረፊያው መካከል የሚገቡት እንዝራ የተባሉት የቆዳ ቁርጥራጮች ደግሞ ያንን ነዛሪ፣ እንደ ንብ የሚያም ድምፅ ይጨምሩበታል። ጥልቀቱ የታችኛውን፣ ነዘሩ የላይኛውን የድምፅ እርከን ይፈልጋል። አንዱ ሲጎድል በገናው በገና መሆኑ ይቀራል። ፖርታ ፕሮ ላይ የአውታሩ ገላ ሞላ ብሎ፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ወፍሮ ይሰማል። የእንዝራው ነዘር ግን መጋረጃ እንደ ተጣለበት ይደበዝዛል። ኬ.ኤስ.ሲ. 75 ላይ ተቃራኒው ነው፤ ነዘሩ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ገላው ግን ይከሳል። ውዱ ማዳመጫ ሁለቱንም ይዞ፣ ድርዳሪው ጣቱን ከአውታሩ ሲያነሣ የምትሰማውን ትንሽ ጭረት ጭምር አሰማኝ። እዚህ ላይ ውድድሩ እኩል አልነበረም።

ቀጥሎ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውንና እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሬከርድስ የወጣውን «ኧረ መላ መላ»ን ሰማሁ። ፖርታ ፕሮ ክብሩን ያገኘው እዚህ ነው። በዚያ ዘመን የተቀረጹ ሥራዎቻችን ብዙውን ጊዜ ታች በኩል ሳሳ፣ ላይ በኩል ደግሞ ሻካራ ይላሉ። ይህ ማዳመጫ 100 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ከፍ፣ የላይኛውን ለስለስ ስለሚያደርግ፣ የሳሳውን ይደግፋል፣ የሻከረውንም ያለሰልሳል። ቤዝ ጊታሩ እንደ ሰው እርምጃ ተለይቶ ይሰማል፤ የማሕሙድ ድምፅ መሐል ላይ ይቆማል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹም ጆሮ አይቧጥጡም። ውዱ ማዳመጫ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ነበር፤ የቴፑን ሽውታና የቀረጻውን ጉድለት ሳይደብቅ አቀረበልኝ። እውነተኛ መሆንና ደስ ማሰኘት ግን አንድ አይደሉም። ለመደሰት ከሆነ ፖርታ ፕሮን እመርጣለሁ፤ ለመመርመር ከሆነ ሌላውን።

በሦስተኛ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አደመጥሁ። የቫይብራፎኑ ብረት ተመትቶ ድምፁ አየር ላይ ሲሟሟ የመከተል ፈተና ነው። እዚህ ላይ ባለ 20 ዶላሩ ታናሽ ወንድም ታላቁን አስከነዳው፤ የብረቱ ምት ግልጽ፣ ቅሬታውም ረጅም ሆኖ ተሰማኝ። ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ታጨቀ ሳይሆን ከጆሮ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚጫወት ይመስላል። ይህንን አየር ብዙ ውድ ማዳመጫዎች አይሰጡም። ታች ወርዶ የሚያጉረመርም የኮምፒውተር ቤዝ ለሚፈልጉ የዛሬ ዘፈኖች ግን ሁለቱም አቅም ያንሳቸዋል፤ ከ50 ኸርዝ በታች ድምፃቸው እየሳሳ ይሄዳል።

በካርቶኑ ላይ ከ15 እስከ 25,000 ኸርዝ ያወጣል ተብሎ የተጻፈውን አንባቢ እንዳያምን እመክራለሁ። የሰው ጆሮ በተለምዶ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ነው። ዳር ዳሩ ላይ ድምፁ ምን ያህል ይዳከማል የሚለው እስካልተነገረ ድረስ ቁጥሩ ጌጥ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው አባባል ይጸናል፤ ለዋጋቸው እጅግ ጥሩ ናቸው። ሁለተኛው ግማሹ ብቻ ይጸናል። ከብዙ ውድ ማዳመጫዎች የበለጠ ደስ ያሰኛሉ፤ ግን ከምርጦቹ እኩል አይደሉም። ባለ 20 ዶላር ማዳመጫ ጥሩ ነው ማለት ሌላ፣ ከሱ በላይ የለም ማለት ሌላ። ሁለተኛውን የሚል ሰው የበገናውን ግማሽ ከአድማጩ ወስዶበታል።

ታክሲ ውስጥ

ሦስተኛው አባባል፣ ለማንኛውም ቦታ ይሆናሉ የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ የውጭውን ድምፅ አይከለክልም። ቤት ውስጥ ይህ በረከት ነው፤ በር ሲንኳኳ ይሰማሉ፣ እናት ስትጣራ «አቤት» ይላሉ፣ ቡናው ሲገነፍል ያውቃሉ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ሞተሩ፣ የረዳቱ ጥሪና የሾፌሩ ሬዲዮ ሁሉም አብረው ይገባሉ። ሰው ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። እነዚህ ማዳመጫዎች በስልክ ጉልበት በቀላሉ ስለሚጮኹ ጭማሪው አይቸግርም። ጎረቤት ተሳፋሪም ሳይወድ የዘፈኑ ተካፋይ ይሆናል።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ የሚጨምር ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሆንበት ራሱ ያስላው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግም አይበቅሉም። 20 ዶላር የተባለው ዋጋ እንግዲህ ይህን አይጨምርም። ለመንገድ ከሆነ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ባለ ጎማ ማዳመጫ፣ ድምፁ ጥቂት ቢያንስ እንኳ፣ ይሻላል፤ ዝቅ አድርጎ ለመስማት ያስችላልና። ግን መንገድ ሲሻገሩ ይነቀል።

ርካሽ ለማን?

እዚህ ላይ ዝናው የተወለደበትን ሀገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ 20 ዶላር ከምሳ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ሲበላሽም ኩባንያው በሚታወቅበት የዕድሜ ልክ ዋስትና መሠረት የመላኪያውን ከፍሎ ማስለወጥ ይቻላል። ያ ሁሉ ውዳሴ በዚህ ምቾት ላይ የቆመ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 20 ዶላር በባንክ ስሌት 1,150 ብር አይሞላም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ2,000 ብር አልፏል። ትራንስፖርቱ፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይቆጠር መሆኑ ነው። ዋስትናውም ባሕር አይሻገርም። በዚያ ላይ የታወቀ ስም ያለው ሁሉ አስመስሎ የሚሠራ አያጣም፤ መልኩ ፖርታ ፕሮ፣ ድምፁ ቆርቆሮ የሆነ ዕቃ የገዛ ሰው ዝናውን ቢረግም አይፈረድበትም። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ክቡን የማዳመጫ ቀዳዳ ትተውታል፤ እንግዲህ ማገናኛም ይገዛል።

ስለዚህ ርካሽ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው ውዳሴ ጋር ሲሻገር ትርጉሙን ይለውጣል። እኛ ዘንድ እውነተኛው ርካሽ ማዳመጫ በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ የሚሸጠው ስም የለሹ ነው፤ የኮስ ዝና ለሱ አይተርፍም። ሆኖም ከነዚህም መካከል የተሻለውን መምረጥ ይቻላል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የራስዎን ስልክና ጠንቅቀው የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ የሰው ንግግር ይስሙ፤ ተናጋሪው በርሜል ውስጥ የገባ ወይም አፍንጫው የታፈነ ከመሰለዎ ይመልሱት። ቀጥሎ የግራና የቀኙ ድምፅ እኩል መሆኑን፣ ድምፁም መሐል መቆሙን ያረጋግጡ። ከዚያ ሽቦውን መሰኪያው አጠገብ እጥፍ ዘርጋ እያደረጉ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ ያዳምጡ። በመጨረሻም ዝቅ አድርገው ይስሙ፤ ዝቅ ሲል ውበቱ የሚጠፋ ማዳመጫ ሁልጊዜ ድምፅ ያስጨምርዎታል።

ይህን ሁሉ ለምን አስረዝማለሁ? የሀገራችን የቀድሞ ሙዚቃ ለብዙ ወጣቶች የሚደርሰው ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ ሲገለበጥ ኖሮ ነው። በዚያ ላይ መጥፎ ማዳመጫ ሲጨመርበት ቤዝ ጊታሩ ይጠፋል፣ የትንፋሽ መሣሪያው ይጮኻል፤ ወጣቱም የድሮ ዘፈን ድምፁ ደካማ ነው ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም። አቅሙ ውስን የሆነ ተማሪ አይቤክስ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታሩ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያሰማው ዕቃ በእጁ ቢገባ ግን የሚያተርፈው ደስታ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም ይሰማል። የርካሹ ማዳመጫ ዝና ቁም ነገር የሚሆነው በዚህ ነው። ጥሩ ድምፅ የባለጸጋ ርስት አለመሆኑን አስመስክሯል።

ፍርዴን ላጠቃልል። ፖርታ ፕሮና ኬ.ኤስ.ሲ. 75 ቤት ውስጥ፣ በጸጥታ፣ ዝቅ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ዝናቸው ይገባቸዋል፤ ለመንገድና ለታክሲ አይገባቸውም። ከምርጦቹ እኩል ናቸው የሚለውን ውዳሴ አልቀበልም፤ ውድ ስላልሆኑ አይረቡም የሚለውን ንቀትም እንደዚያው። ድሮ ዘፈን ለሚወድ የመጀመሪያውን፣ ክራርና ቫይብራፎን ለሚወድ ሁለተኛውን እላለሁ። በገና በሙሉ ገላው ለመስማት የሚሻ ግን ገንዘብ እስኪያጠራቅም ድረስ ደርዳሪው ካለበት ሄዶ ፊት ለፊት ያድምጥ፤ ለዚህ ማዳመጫ አያስፈልገውም።